ክልስ ላም ለደረቅ ቆላ፦ ከሱወይዲ ለአባቶቻችን

ገዳማችን ለሥጋ የሚሆኑ ክልስ ከብቶችን ለማርባት ማሰቡን በሰማን ጊዜ፣ በሪያድ ሱወይዲ ሰፈር የምንኖር ልጆቻችሁ ለመዋጮው ለመስማማት ጊዜ አልፈጀብንም። በገንዘቡ ምን ዓይነት ላም ይገዛ በሚለው ላይ ግን ሦስት ዓርብ ተከራከርን። ግማሾቻችን የፈረንጅ ደም የበዛባት ትሁን አልን፤ ሌሎቻችን የቦረና ላም ትቅደም አልን። በመጨረሻ የተስማማንበትን ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ለአባቶቻችን ለማቅረብ ይህን ጻፍን።

ለግዙፎቹ ከብቶች እንድናዳላ ያደረገን አል ኸርጅ ነው። ከሪያድ በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በዚህ አካባቢ፣ የበጋው ሙቀት ከ43 ዲግሪ በሚያልፍበት ምድር፣ ሆልስታይን ላሞች በብዙ ሺህ ይታለባሉ። እዚያ የሚሠራ ወንድማችን ግን የሚያየውን በዝርዝር ነገረን። ላሞቹ ከጥላ አይወጡም፤ ማራገቢያና የውኃ ጉም ሲያበርዷቸው ይውላሉ። መኖውም ከሩቅ ይመጣል፤ አልማራይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በአሪዞና መሬት የገዛው አልፋልፋ አብቅሎ ወደዚህ ለማጓጓዝ ነው። ላሞቹ በበረሃ መካከል ይቁሙ እንጂ በበረሃ ኖሩ ማለት ይከብዳል። እነዚህ የወተት ላሞች መሆናቸውን እናውቃለን፤ ሙቀትና ረኀብ ግን የሥጋን ከብት ለይተው አይምሩም።

ይህን ነገር በአውስትራሊያ ደረቅ ቆላ ለረጅም ዘመን የመረመሩ ፍሪሽና ቬርኮ የተባሉ ሊቃውንት ነበሩ። በኩዊንስላንድ በሮክሃምፕተን አካባቢ ሲሠሩ የደረሱበት ሐሳብ ይህ ነው፦ የከብት ዕድገት በተፈጥሮ ከተሰጠው አቅም ላይ ሙቀት፣ መዥገር፣ የሆድ ትልና የመኖ እጦት የሚወስዱት ተቀንሶ የሚቀረው ነው። የአውሮፓው ዝርያ አቅሙ ትልቅ ነው፤ በመስክ ሲለቀቅ ግን ብዙ ይቀነስበታል። ሻኛ ያለው የሞቃት አገር ከብት አቅሙ አነስ ይላል፤ የሚቀነስበትም ጥቂት ነው። ከሁለቱ የሚወለደው የመጀመሪያ ክልስ ከአንዱ ዕድገትን፣ ከሌላው ጽናትን ስለሚወስድ፣ በመስክ ላይ ብዙ ጊዜ ከወላጆቹ ይበልጣል።

ክርክራችንን ያዞረው ግን የጥጃው ዕድገት ሳይሆን የእናቲቱ መፅነስ ነበር። ላም 285 ቀን ያህል ታረግዛለች፤ በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ ከወለደች በኋላ በ80 ቀን ውስጥ መፅነስ አለባት። ጥጃ የምታጠባና የከሳች ላም ግን ቶሎ አትደራም። ሰውነቷ የገዘፈና ወተቷ የበዛ ላም ደግሞ መኖ አብዝታ ስለምትሻ፣ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ፈጥና ትከሳለች። እንዲህ እናስላው፦ በየዓመቱ 150 ኪሎ የሚደርስ ጥጃ የምትሰጥ ትንሽ ላም በአራት ዓመት 600 ኪሎ ታስገባለች፤ በየሁለት ዓመቱ 200 ኪሎ የሚደርስ ጥጃ የምትሰጠው ግን 400 ብቻ። ይህን ቁጥር በወረቀት ካየን በኋላ የትልቅ ላም ደጋፊዎች ድምፃችን ዝቅ አለ።

የቦረና ከብት በረከቱ ለሌላው ዓለምም ተርፏል። ከደቡብ አገራችን ወደ ኬንያ ተሻግሮ እዚያ በ1951 እ.ኤ.አ. የራሱ የአርቢዎች ማኅበር ተቋቋመለት፤ ፅንሱም ከዛምቢያ ተወስዶ በ1990 አውስትራሊያ ገባ። ሌላው ባሕር አቋርጦ የወሰደውን እኛ ከደጃችን እያለ በፈረንጅ ደም አጥበን እንዳናጠፋው እንሰጋለን፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ቦረና ስንት ከብት እንዳለቀበት አባቶቻችን ሰምታችኋል። ሌላም ምክንያት አለ። ክልሶች እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ፣ ከመዳቀል የተገኘው ብርታት በሚቀጥለው ትውልድ በግማሽ ይቀንሳል። በዝዋይ አቅራቢያ ያለው የአበርኖሳ የከብት ርባታ የቦረና ላሞችን በፍሪዥያን ዘር እያስዳቀለ ክልስ ጊደሮችን ለገበሬዎች ያከፋፍል የነበረው የቦረና እናቶቹን ይዞ ነው፤ እናቶቹ ካለቁ የመጀመሪያ ክልስ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ የሚገዙት ላሞች ሁሉ ቦረና ይሁኑ እንላለን። ከሦስቱ ሁለቱ እጅ በቦረና ኮርማ ይጠቁ፤ ምትክ ጊደሮች ከእነርሱ ይገኛሉ። አንድ እጁን ብቻ አዳቃይ ባለሙያ በፈረንጅ ዘር ያዳቅልልን፤ በዚያም ጠንከር ያሉት እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወልዱ ጊደሮች አይግቡበት፣ ትልቅ ጥጃ ምጥ ያከብዳልና። ከዚያ የሚወለዱት ወንዱም ሴቱም ይሸጡ። የሚተርፈው ገንዘብ ለድርቆሽ ይዋል፤ ሣሩ አበባ ሲያወጣ ታጭዶ ቢከመር ለበጋው ይደርሳል።

እያንዳንዷ ላም የወለደችበትና የተጠቃችበት ቀን በመዝገብ ቢሰፍር በሁለተኛው ዓመት የቱ ክርክር ልክ እንደነበር ከዚያ እናነባለን። አሁን ከአባቶቻችን የምንለምነው አንድ መልስ ነው፦ ከታች ያለው ኩሬ ከጥር በኋላ ለስንት ወር ውኃ ይይዛል? የላሞቹን ቁጥር የምንወስነው በእርሱ ስለሆነ፣ መልሱ እስኪደርሰን ገንዘቡ በእጃችን ይቆያል።