የጠዋት ብርጭቆ፣ የማታ ቅርስ

አሮጌ ዕቃ የሚነግድ ሰው ሁለት ምላስ አለው። ጠዋት ከእናንተ ሲገዛ “ይሄ እኮ ተራ ብርጭቆ ነው፤ ጫፉም ተሸርፏል” ይላል። ማታ ለሌላው ሲሸጥ ያው ዕቃ “የጥንት የጠዋቱ፣ ዛሬ የማይገኝ ቅርስ” ሆኖ ቁጭ! ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ቅጽል ኃይል ብዙ ለፍልፌያለሁ። እንዲህ ጥርት ያለ ምሳሌ ግን አላገኘሁም ነበር።

ነገሩን ያስነሳኝ ባለቀለም መስታወት ፋኖስ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ሰው ጓዙን ሸክፎ ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄድ፣ ከቁም ሳጥን አናትና ከአልጋ ሥር ስንት ነገር ወጣ መሰላችሁ! ከአያት የተረፈ፣ ቤቱ መብራት ከገባለት ወዲህ አቧራ የለበሰ ፋኖስም አንዱ ነው። አዲሱ ቤት ጠባብ፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል። “ኧረ ለቆራሌው ስጡት!”

እናላችሁ፣ አንዲት የማውቃቸው እናት ሰማያዊ ፋኖሳቸውን አውጥተው “ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ስንት ያወጣል?” አሉኝ። አንዱ ገዢ 300 ብር ብሏቸዋል። እኔ የማውቀው “ፋኖስ” የሚለው ቃል ከግሪክ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል መምጣቱን ነው። ይሄ ደግሞ ለሻጭ ምን ይረባል? ይዣቸው ወደ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሄድን።

ሰውየው አልቸኮለም። መጀመሪያ ቀለሙን አየ። ላዩ የተቀባ ከሆነ ሲፋቅ ይለቃል፤ እውነተኛው ቀለም መስታወቱ ሲቀልጥ የተዋሃደ ነው። ሰማያዊው ከኮባልት፣ አንዳንዱ ቀይ ደግሞ ከወርቅ ይገኛል። ቀጥሎ ገለበጠው። ዘመን የቆጠረ ዕቃ መቀመጫው በየአቅጣጫው ይጫራል፤ ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከሆነ ያስረጀው ዘመን ሳይሆን ብርጭቆ ወረቀት ነው! ከዚያ የነሐሱን አንገት ከመስታወቱ ጋር ያጣበቀውን ጀሶ መረመረ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ለማስገባት ተብሎ ከተበሳ ዋጋው እንደሚወድቅ ነገረን። ነበልባሉን የሚከልለው ጠርሙስ ቢለወጥ ግን ብዙም አያሳስብም፤ እሱ ድሮም ሲሰበር የሚተካ ነው።

“እማማ፣” አለ በመጨረሻ፣ “እኔ ይሄን እስከ 6,000 ብር እሸጠዋለሁ። ለእርስዎ 4,000 እሰጣለሁ። መሐል ያለው የኪራዬና የልፋቴ ነው፤ ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ ሊቀመጥም ይችላል። ካልተስማማዎት ይዘውት ይሂዱ።”

እማማ ትንሽ ዝም አሉ። “ትርፉን ተናግሮ የሚገዛ ነጋዴ ዛሬ ገና አየሁ” ብለው ሸጡለት። ብሩ ጓዛቸውን ለሚጭነው አይሱዙ ሆነ።

ትርፍ ነውር አይደለም። ሰውየው ዓይኑን ለማሠልጠን ዓመታት ፈጅቶበታል፤ የእውቀቱን ዋጋ ማግኘት አለበት። የመጀመሪያው ገዢም ያው እውቀት ሳይኖረው አይቀርም። ልዩነቱ፣ አንዱ የሚያውቀውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፣ ሌላው ኪሱ ውስጥ ደበቀ። ፋኖሱን ብቻ መስሎን ነው እንጂ፣ ሁለተኛው ሊገዛ የመጣው አለማወቃችንንና የቆመውን መኪና ጭምር ነው።

“በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል” እንላለን። ደግ ብለናል። ግን መዳብ ነው ብሎ የነገረን ማን እንደሆነም መጠየቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ወርቁን ሊገዛ የመጣው ሰው ሆኖ ይገኛል።