ወንድሜ የፈለገው ሰው

ቤትዎ ውስጥ በመጠጥ ሳቢያ ጉበቱ ተጎድቶ ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ካለ፣ ከሐኪሙና ከቤተሰቡ ሌላ አንድ ሰው ይፈልጉለት፤ በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው።

ይህን የምልዎት ለታላቅ ወንድሜ ከጉበቴ ከፍዬ የሰጠሁት እኔ እህቱ ነኝ። ሕክምናውን ያደረግነው ዴልሂ ነው። የለጋሽ ጉበት መልሶ ስለሚያድግ፣ ሁለት ወር ገደማ አርፌ ወደ ማርኬቲንግ ሥራዬ ተመለስኩ። ለእሱ ግን ከባዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውነቱ አዲሱን ጉበት እንዳያጠቃው በየ12 ሰዓቱ መድኃኒት ይውጣል፤ ዕድሜ ልኩን። መድኃኒቱ የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክም ጥሬ ሥጋ ቀርቷል። ይህ ሁሉ ይለመዳል። ያልተለመደው የእኔ ጠባሳ ነው። ጉበቷን ለሰጠችው እህቱ "ዛሬ መጠጥ አማረኝ" ብሎ በየት አፉ ይናገር? ለእናታችንማ ጭራሽ አይታሰብም። "ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ?" ስለው መልሱ ሁልጊዜ "ደህና" ነው።

አምሮቱ ግን ከአሮጌው ጉበት ጋር ተቆርጦ አይወጣም። የእግር ኳስ ወዳጅ ከሆኑ ጆርጅ ቤስትን ያስታውሱ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ንቅለ ተከላ ተደረገለት፣ ተመልሶ ጠጣ፣ በ2005 በ59 ዓመቱ አረፈ።

ዴልሂ በእንግዳ ማረፊያው ለክትትል የመጣ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ተዋወቅን። ከወንድሜ ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ በዚያው ምክንያት የታከመ ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ይጠጣሉ፤ ማታ 2 ሰዓት መድኃኒት ሲደርስ ይደዋወላሉ። አንድ ምሽት ወንድሜ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ሲያወራ ሰማሁ።

"ዛሬ ግሮሰሪው በር ላይ ቆሜ ነበር።"

"ገባህ?"

"አልገባሁም።"

"በል ነገ በላይኛው መንገድ ሂድ። መድኃኒትህን ዋጥክ?"

በቃ። ስብከት የለ፣ ለቅሶ የለ። እኔ ብሆን ሌሊቱን ሙሉ ባልተኛሁ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ አክሮን ከተማ፣ አንድ የአክሲዮን ገበያ ሰውና አንድ ቀዶ ሐኪም፣ ሁለቱም መጠጥ ያስቸገራቸው፣ እርስ በርስ በመነጋገር ነው አልኮሆሊክስ አኖኒመስን የጀመሩት።

ለቤተሰብም የሚሆን ሥራ አለ። በበዓል ቀን "ጠላ እኮ መጠጥ አይደለም" የሚሉትን አክስት ማስቆም የእርስዎ ድርሻ ነው። መጠጥ ነው፤ ጠጁም እንደዚሁ። እኛ ቤት ጠላ መጥመቅ ቀርቷል። ባለፈው ፋሲካ ጓደኛው ከነቤተሰቡ መጥቶ ነበር። ሁለቱ ለስላሳቸውን ይዘው ጥግ ላይ ይንሾካሾካሉ፣ ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው ብጠይቅ አልነገሩኝም።