ግሩፑ ዛሬ በይፋ ፈርሷል

እቴቴ ዛሬ ጧት ከቤተሰብ ግሩፑ ወጥታለች። በገዛ እጇ። «ይሄን ድምፁን እንዴት ነው የማጠፋው?» እያለች ስልኳን ይዛ ቤት ለቤት የምትዞር ሴትዮ፣ የመውጫውን ቁልፍ ግን ማንም ሳያሳያት አገኘችው። ሰው ሲመረው ቴክኖሎጂ አይከብደውም።

የጀመረው ያው የቨርጂኒያው ነው። ታውቁታላችሁ፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስጽፍ በዶላር አስልቶ «ርካሽ እኮ ነው፣ ምን ሆናችሁ?» ያለኝ። የእቴቴ የበኩር ልጅ። ጋሼ የምርጫ ካርዳቸውን ፎቶ አንስተው «የኛ ቤት ተጠናቋል፤ እናንተስ?» ብለው ለጠፉ። እዚያ ሌሊት ነው፣ ግን የቨርጂኒያው እንቅልፍ አያውቅም። «ጋሼ፣ በካርድ የወረደ መንግሥት አንድ ይጥሩልኝ። በዚያች አገር መንግሥት ሰምቶ ካወቀ መንገድ ላይ የተጮኸውን ነው። ካርዱን ይቅደዱትና ሕዝቡ ይውጣ» አለ። ጋሼ ሦስት ጥያቄ ምልክት ላኩ። (ጋሼ ሲናደዱ ጥያቄ ምልክት ነው የሚልኩት፤ አንዴ ለልደቴ ሁለት ልከውልኝ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ቀርቻለሁ።) ከዚያ እቴቴ በድምፅ መጣች፤ ከኋላዋ ቡና ይወቀጣል። «ሕዝቡ ይውጣ ስትል ማን ነው የሚወጣው? አንተ ነህ? ታናሽህ ነው የሚወጣው። አንዱን ፍለጋ የዞርኩት አልበቃ ብሎኝ ሁለተኛውን ደግሞ ልዙር?»

እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እማዬ፣ ይሄ አይገባሽም።»

ሌፍት።

እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ። ቢሮም ይሄው ነው፣ ታክሲ ውስጥም ይሄው ነው። ሰባተኛው ምርጫ ይባል እንጂ ክርክሩ ገና አንደኛው ላይ ነው፤ ካርድ ወይስ ጎዳና።

መጀመሪያ የቨርጂኒያውን ልማው። እሱ ሰልፍ የሚወጣው ዋሽንግተን፣ ስቴት ዲፓርትመንት ደጃፍ ነው። ፖሊስ መንገድ ይዘጋለታል። ባንዲራ ለብሶ፣ በአንድ እጁ ድምፅ ማጉያ፣ በሌላው የወረቀት ኩባያ ቡና ይዞ የተነሳው ፎቶ ግሩፑ ላይ አለ። ከሰልፉ መልስ ክትፎ። አልቀናሁም አልልም። እዚህም ቢሆን ወረቀቱ ላይ ያምራል እኮ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አለ፣ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ ሰልፍ ለመውጣት ያሰበ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት ያሳውቅ ነው የሚለው። አስፈቅድ አይልም። እኛ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምናውቀው፦ «ተፈቅዷል?» ጋዜጠኛውም እንዲሁ ይጠይቃል፣ አዘጋጁም እንዲሁ ይጠይቃል፣ ፖሊሱም እንዲሁ ይጠይቃል። አዋጁን ያነበበ ሰው ብቅ ካለ ሁላችንም በጥርጣሬ ነው የምናየው።

አሁን ደግሞ ልካሰው። ይሄ ልጅ ጥቅምት 1998 ላይ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነው የታፈሰው። ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ ሰፈሮች በሺዎች የሚቆጠር ወጣት እየታፈሰ ደዴሳና ሌላ ሌላ ካምፕ ተግዟል። እሱ ሰልፍ አልወጣ፣ ድንጋይ አልወረወረ፣ ዕድሜውም ለመምረጥ አልደረሰ። የተመለሰ ቀን በሩን የከፈተችው እቴቴ ናት። ፀጉሩ ተላጭቷል፣ አንገቱ ቀጥኗል፤ «ማንን ፈለግህ?» አለችው። ልጇን። ይህችን ነገር ስታወራ እስካሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ስለዚህ «ካርድ ውሰድ» ሲባል የሚነደው ንዴት ከዩቲዩብ የተለቀመ አይደለም።

ጋሼ ደግሞ በ97 የቅንጅት ታዛቢ ነበሩ። እሳቸው ያዩት ሌላ ነው። ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ፣ ሚያዝያ 30 ቅንጅት፣ እዚያው መስቀል አደባባይ ላይ፣ በተከታታይ ቀን፣ ሰው እንደዚያ ነቅሎ ወጥቶ በሰላም ወደ ቤቱ ገባ። ያንን ያየ ሰው ጎዳናና ካርድ ባላጋራ ናቸው ብትሉት አይገባውም፤ ጎዳናው የወጣው ለካርዱ ነዋ! ግንቦት 7 ማታ ጋሼ ትምህርት ቤት ውስጥ ዴስክ ላይ ተጋድመው ኮሮጆውን እያዩ አደሩ። ቆጠራው በሻማ ነበር። ውጤቱ በሩ ላይ ሲለጠፍ ከልጅ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ገለበጡት። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለ፤ ስንለምናቸው ያሳዩናል፣ ግን በእጅ አያስነኩንም።

ቅንጅት አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠራርጎ ወሰደ። በአገር ደረጃ በመጨረሻ የተነገረን ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ነው። ገና ድምፁ ተቆጥሮ ሳያልቅ፣ በዚያው በምርጫው ማታ፣ መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባ ሰልፍ ለአንድ ወር ከለከሉ። ሰኔ 1 ተተኮሰ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ተተኮሰ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪል ሰው መገደሉን ቆጠረ፤ ሰብሳቢውና ምክትላቸው ቁጥሩን ይዘው ተሰደዱ። ከዚያ 2002 መጣ፣ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545። ጋሼ መረጡ። 2007 መጣ፣ መቶ በመቶ። ጋሼ መረጡ። «ለምን ይለፋሉ?» ስላቸው «እጄ እንዳይረሳ» አሉኝ።

በነገራችን ላይ ከ97 ጋር እኔም የግል ቂም አለኝ፤ ዛሬ ካልተናገርኩት መቼም አልናገረውም። ከምርጫው በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት በአገሪቱ ተዘጋ። ኢንተርኔት ለሦስት ቀን ሲጠፋ የምታለቅሱ የዛሬ ልጆች ስሙኝ፦ ከሁለት ዓመት በላይ! የተከፈተው ሚሊኒየሙ ሲገባ ነው። እና አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ዛሬ ሚስት አለው፣ ሚስቱም እዚህ ገጽ ላይ አለች (ሰላም ነው?)። ቤታችን ውስጥ ያለው ሞባይል የአባቴ ኖኪያ ብቻ ነው። አባቴ የ2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ስልኩን ኮመዲኖ ላይ ያስቀምጣል፤ እኔ በአርዕስተ ዜናውና በስፖርቱ መካከል እጽፋለሁ፣ ይመልስልኛል፣ አጠፋለሁ። የስለላ ድርጅት ቢያየኝ ይቀጥረኝ ነበር። ታዲያ አንድ ማታ ብልክ አልሄድ አለኝ። በማግስቱም አልሄድ አለኝ። ዝም ያለኝ መስሎኝ ኮረፍኩ። እሱም ዝም ያልኩት መስሎት ኮረፈ። የቤት ስልክ መደወል ነበረባችሁ የምትሉ፣ የቤት ስልክ የምታነሳው እናቱ እንደሆነች እወቁ።

መልእክት ሲከፈት እንደ ምንም ደፍሬ በዚያው ቁጥር «እንኳን አደረሰህ» ብዬ ላክሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ማን ልበል?»

እስካሁን አልመለስኩም።

ስቄ ላልፈው ነበር። ግን በዚያች መልእክት ምን ምን ስንባባል ነበር? «ነገ በጧት ተሰለፉ፣ ካርዳችሁን እንዳትረሱ።» ይሄ ግንቦት ነው። «ነገ ታክሲ የለም፣ ሥራ አትግቡ።» ይሄ ሰኔ ነው። ያው ቁጥር፣ ያው ሰው፣ ያው ጣት። የምርጫ ካርዱና የጎዳናው ጩኸት በአንድ ገመድ ላይ ነበሩ፤ የፈራው አካልም ይሄ ገብቶት ገመዱን ቆረጠው። ያልገባን እኛ ነን፤ ለሁለት ከፍለን አንተ የካርድ፣ አንቺ የጎዳና እየተባባልን ግሩፕ የምናፈርሰው።

ይሁን፣ ጎዳና ሠርቷል። መቶ በመቶ አሸነፍን በተባለ በመንፈቁ፣ ኅዳር 2008፣ ጊንጪ ተነሳች። ሐምሌ ላይ ጎንደር ወጣች። ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ እጁን አጣምሮ ገባ፤ ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት የነበራችሁ ጮሃችኋል፣ አትዋሹ። መስከረም 22፣ ኢሬቻ ላይ፣ ቢሾፍቱ የሆነውን ለእናንተ አልተርክም። የካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ልልቀቅ አሉ። አንድም ኮሮጆ አልተከፈተም። እዚህ ላይ የቨርጂኒያው ልክ ነው፤ መካድ አልችልም።

ግን «ቀጥሎ ማን ይግባ?» የሚለውን ማን ወሰነ? ጊንጪ አይደለችም። ጎንደርም አይደለችም። 180 አባላት ያሉት የኢሕአዴግ ምክር ቤት ነው፣ በሩን ዘግቶ። በ66ም እንዲሁ ነበር። ታክሲ ነጂው አደመ፣ መምህሩ አደመ፣ ተማሪው ተሰለፈ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ግን ወታደሩ ነው፣ ያውም ለ17 ዓመት። ጎዳና «ውረድ» ሲል ጉልበት አለው። «ማን ይግባ» ላይ ሲደርስ ግን መንገድ ላይ የቆመው ሰው ስንት እንደሆነ እንኳ የሚቆጥርለት የለም፤ ሁሉም «ሚሊዮን ነን» ይላል። ካርዱን የሙጥኝ ያለ ሰው ከፈለጋችሁ ደግሞ ብርቱካን ሚደቅሳን እዩዋት። ዳኛ ነበረች፣ የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ሆነች፣ ታሰረች፣ ተፈታች፣ ደግሞ ታሰረች፣ አገር ለቀቀች፣ በ2011 ተመልሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። በምርጫ የተነሳ የታሰረች ሴት ምርጫ ላስፈጽም ብላ ስትመጣ የቨርጂኒያው ለሦስት ቀን አኮረፈ፣ ጋሼ በደስታ ስልክ ደወሉ፤ እቴቴ ደግሞ ቴሌቪዥኑን እያየች «ምነው ከሳች?» አለች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 24፣ 2008 ጎንደር ሰልፍ ላይ በኦሮሚያ ለተገደሉት የሚቆረቆር መፈክር ተይዞ ነበር። የነሱ ደም የኛም ደም ነው የሚል። ፎቶውን ታስታውሱታላችሁ። ያኔ ግሩፑ ቫይበር ላይ ነበር፤ ያልተቀባበለው ሰው አልነበረም፣ የቨርጂኒያው ፕሮፋይሉ ላይ አድርጎት ነበር። ዛሬ ያንን ፎቶ ልለጥፈው ብዬ አነሳሁትና ተውኩት። ከሁለቱም ወገን የሚመጣው ስድብ ገና ሳይጻፍ ታየኝ። የኛ ልጅ መንገድ ሲዘጋ ትግል፣ የነሱ ሲዘጋ ሁከት። የኛ ሲሞት ሰማዕት፣ የነሱ ሲሞት «ማን ውጣ አለው?» የቨርጂኒያው ጎዳና ጎዳና የሚለው የራሱን ጎዳና ነው፤ እነዚያኞቹ እዚያው ስቴት ዲፓርትመንት ደጃፍ በሌላ ቀን ሲሰለፉ «ተከፍሏቸው ነው» ብሎ ጽፏል፣ በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ጋሼም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። እሳቸው የጠሉት ሰው ያሸነፈበት ወረዳ ከተነሳ፣ ታዛቢ ባይኖራቸውም፣ ባያዩም፣ «እዚያማ ኮሮጆ ተገልብጧል» ነው።

ሁለቱም ፈርተው ነው የሚመስለኝ። ተሸንፎ ማደር የሚቻል አይመስላቸውም። ደግሞስ ምን አይተው ይምሰላቸው? የኛ ምርጫ በየምርጫ ክልሉ በአንድ ድምፅ የበለጠው ወንበሩን የሚወስድበት ነው፤ የቀረው፣ ግማሽ ለመሆን አንድ ሰው ቢጎድለውም፣ ባዶ እጁን ይገባል። የሰኔ 14፣ 2013 የመጀመሪያ ዙር ውጤት ሲነበብ ከ436 ወንበር 410ሩ የብልፅግና ነበር። ትግራይ ጦርነት ላይ ነበረች፣ አልመረጠችም። ኦነግና ኦፌኮ አልገቡበትም። እና እስከ ማታ የተሰለፈው፣ ግን ለሌላ የመረጠው ሰው፣ ድምፁን ፓርላማ ውስጥ ፈልጎ ሲያጣው የት ሄዶ ይፈልገው? ያው የቨርጂኒያው የሚለው ቦታ ነዋ። ይሄንን ለጋሼ ብነግራቸው ሦስት ጥያቄ ምልክት ነው የሚልኩልኝ።

ኮሜንት ላይ «አንቺ ግን የማን ነሽ?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ድካሙን ልቀንስለት። በ2013 እግሬ እስኪያብጥ ተሰልፌ መርጫለሁ። ለማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሕጉም ሚስጥር ነው ይላል። ለባሌም አልነገርኩትም። እሱም አልነገረኝም። ሁለታችንም ጣታችን ላይ ያው ቀለም እንዳለ፣ ከአንድ ትሪ እራት በላን።

ጠርጥሬዋለሁ ግን።