የወንድሜ ቅጥቅጥ

ጋዜጠኝነት ተመርቄ ወግዲ በተመለስኩበት ክረምት፣ ታላቅ ወንድሜ በዕቁብ ብርና በሁለት በሬ ዋጋ አሮጌ ቅጥቅጥ ገዝቶ ጠበቀኝ። ከመካነ ሰላም ሰው ሊያመላልስበት። ወር ሳይሞላ ፍሬኑ እምቢ አለ።

ወንድሜ መካኒክ ፍለጋ ሄዶ ስለነበር መርካቶ የደወልኩት እኔ ነኝ። ነጋዴው «ሞዴሉ ምንድን ነው?» ሲለኝ በሩ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩለት፦ ኤፍ ኤስ አር። (ምንጭ አጣሩ እየተባልኩ ስንት ዓመት የተማርኩ ልጅ!) የፍሬን ሸራው መጣ፤ አልገባም። የተሸጠ ዕቃ ደግሞ አይመለስም።

መካኒኩ ግንባሩንም በሩንም ዞር ብሎ አላየ። ከሥር ገብቶ የሻንሲውን ጭቃ ጠረገና ቁጥሩን አስነበበኝ። በጄ ይጀምራል፤ ጃፓን ማለት ነው። ቀጥሎ ኤን ፒ አር። ሹፌሮች ይህን ስነግራቸው ይስቁብኛል፤ ኤፍ ኤስ አር እኮ ትልቁ አይሱዙ ነው!

ለካ ቅጥቅጥ ሁለት ጊዜ ነው የሚወለደው። ሻንሲና ሞተሩ የጭነት አይሱዙ፣ ገላው እዚሁ አገር ቤት ተቀጥቅጦ የተሠራ። ተለጣፊውን ማንም ይለጥፈዋል። ፈረንጆች አልጋና ምድጃ አስገብተው የሚኖሩባቸው አሮጌ መኪኖችም ዘመዶቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ ሂመር ጎኑ ላይ ሂመር ቢልም ሥሩ መርሴዲስ ወይም ፊያት ሊሆን ይችላል። «የሂመር ፍሬን ሸራ ስጡኝ» የሚል ሰው እንደኔው ይከስራል።

ወንድሜ አልተቆጣኝም። ትክክለኛው ሸራ እስኪመጣ መኪናው ዘጠኝ ቀን ቆመ። ዕቁቡ ግን ቀኑን ጠብቆ መጣ። የከፈልነው ለምርቃቴ የተሰጠኝን ካሜራ ሸጠን ነው።