ቆሞ የሚውለው ልጅ

እስቲ ጎግል ሳታደርጉ አንድ ጥያቄ መልሱልኝ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ በራችን ላይ የቆመው ማን ነበር? መንግሥቱ ወርቁን ታውቃላችሁ። ሉቺያኖ ቫሳሎንም፣ ወንድሙን ኢታሎንም ታውቃላችሁ። በረኛውንስ?… አይዟችሁ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። ጊላሚካኤል ተክለማርያም ይባላል።

አሁን ደግሞ ቀላሉን ልጠይቅ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. (ቀኑን ልብ በሉልኝ፣ ልክ በ51 ዓመቱ!) ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ቀይ ካርድ ያየው በረኛስ? ይሄን ሁላችሁም መለሳችሁ። ጀማል ጣሰው!

የበረኛ ዕጣ እንግዲህ ይኸው ነው። ዋንጫ ያነሳው ይረሳል፣ የተሳሳተው ግን ስሙ ከነቀኑ ይቀመጥለታል። ሰውን በዚህ ሚዛን እየመዘንን «ጥሩ በረኛ የለንም» ብለን እናማርራለን። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ በረኛ ከማጣታችን በፊት ያጣነው በረኛ የሚያይ ዓይን ነው።

ለኔ ይሄ የሻይ ቤት ክርክር ብቻ አይደለም። ያደግሁት ደብረ ኤልያስ ነው፣ ምሥራቅ ጎጃም። አገራችንን ያስጠራት ኳስ ሳይሆን የአብነት ትምህርት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ የኛው ነው። ኳሱን ግን እኛም አልተውነውም። እህል ከተሰበሰበ በኋላ ያገኘነው ሜዳ ሁሉ ስታዲየም ነበር። ሁለት ድንጋይ ወዲህ፣ ሁለት ድንጋይ ወዲያ፣ በቃ። አንድ ቀን በሜዳው ዳር የሚያልፉ አንድ አባት ቆም ብለው አዩንና «ልጆች፣ ሁላችሁም ስትሯሯጡ ያ ልጅ ብቻውን ተገትሮ የሚውለው ምን አጥፍቶ ነው?» አሉን። ሳቅንባቸው። ቅጣት መስሏቸው ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ብዙም አልተሳሳቱም። በኛ ሰፈር በር ላይ የሚቆመው ወይ ትንሹ ነው፣ ወይ እግሩ ኳስ የማያውቅ፣ ወይ ዘግይቶ የመጣ።

ታዲያ ከነዚህ ሁሉ መካከል አንድ ልጅ ወዶ የሚቆም ነበረን። ስሙን ይቅርታ አድርጉልኝና ልለፈው፣ በረኛችን እንበለው። በረኛችን አይዘልም ነበር። ሌላው በረኛ አየር ላይ ተንሳፎ አቧራ ለብሶ ሲነሳ እኛ እናጨበጭባለን። እሱ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ይሄድና ኳሷ ደረቱ ላይ ትመጣለታለች። «ዕድለኛ ነው፣ ኳሷ ራሷ ትፈልገዋለች» እንል ነበር። ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጮሃል። «ከኋላህ!» «ቀኙን ያዘው!» «ውጡ፣ ውጡ!» አፉ አያርፍም። አንዳንዴ በሱ በኩል አንድም ኳስ ሳይመጣ እንጨርሳለን። «ዛሬስ አርፈህ ዋልክ» ስንለው በንዴት ያየናል። ኳሷ ያልመጣችው በሱ ጩኸት መሆኑን ማን ያስረዳን?

በኋላ አንድ ክለብ (የትኛው እንደሆነ ይቆየን) ታዳጊ ሊመለምል መጣ ተባለና ሄደ። ለእያንዳንዱ በረኛ አሥር አሥር ኳስ ተመታ። አንደኛው ልጅ እንደ ነብር ተወርውሮ አራቱን አወጣ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። የኛው ልጅ ስድስት ያዘ፤ አብዛኛውን ቆሞ። የተመረጠው ማን ይመስላችኋል? ተወርዋሪው። በረኛችን ሲመለስ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቆመህ ስትይዝ የመታው ሰው ያበላሸው ይመስላቸዋል» አለኝ።

ይሄ የሱ ምሬት ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የእስራኤል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በታላላቅ ሊጎችና ውድድሮች የተመቱ 286 ፍጹም ቅጣት ምቶችን አዩ። ኳሱ ወደ በሩ መሐል የተመታው 28.7 በመቶ ያህሉ ነው። በረኛው መሐል ላይ የቆመውስ? 6.3 በመቶ ብቻ! በቆሙበት ጊዜ ከሦስቱ ምት አንዱን አድነዋል፤ ሲዘሉ ግን ወደ የትኛውም ጎን ቢሆን ከሰባቱ አንዱን ያህል ነው። ታዲያ ለምን ይዘላሉ? ምክንያቱም ዘሎ የገባበት «ሞከረ» ይባላል፤ ቆሞ የገባበት «ፈዞ ቀረ» ይባላል። የዓለም ኮከቦችም እንደኛ ሰፈር ልጆች ተመልካች ይፈራሉ ማለት ነው።

የአገሬ ሰዎች ለዚህ ነገር ድሮውንም ቃል አላቸው፤ ሰምና ወርቅ። ዝላዩ ሰም ነው፣ ላይ ላዩን ያብረቀርቃል። ወርቁ ሥር ነው ያለው፦ አቋቋሙ፣ ጩኸቱ፣ ልውጣ ወይስ ልቅር ብሎ በአንድ ቅጽበት የሚወስነው ውሳኔ። ቅኔ ሲዘረፍ ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚያጨበጭብን ሰው የቅኔ ቤት ተማሪ ምን እንደሚለው አትጠይቁኝ። ኳስ ላይ ግን ሁላችንም ያ ሰው ነን።

እስቲ ወደ ዛምቢያው ጨዋታ እንመለስ። ከ31 ዓመት በኋላ የተመለስንበት የአፍሪካ ዋንጫ ነው። መጀመሪያ ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፣ የዛምቢያው ኬኔዲ ምዌኔ አወጣው። ቀጥሎ ጀማል ከበሩ ወጥቶ ቺሳምባ ሉንጉ ላይ እግሩን አንስቶ ገባና ቀይ ካርድ አየ። በዚያ ምሽት ምዌኔ ጀግና፣ ጀማል ጥፋተኛ ሆነ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ መውጣቱና አገባቡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከኋላ የተወረወረ ኳስ ሲመጣ ወጥቶ መቅደም የታላቅ በረኛ ሥራ ነው። ጥፋቱ እግሩ ላይ ነበር። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለን «ለምን ወጣ?» አልን። ይህን የሰማ ታዳጊ በረኛ ሁሉ ከዚያ በኋላ መስመሩ ላይ ተጣብቆ ቢቀር ይፈረድበታል?

ዘሪሁን ታደለስ? ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ገባ። ከእረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባበት። ከዚያ በኋላ በጎዶሎ ቡድን፣ በሻምፒዮኗ ዛምቢያ ፊት፣ አንድም አልገባበትም። አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርገን አዳነን ተሸከምነው፣ ይገባዋልም። ዘሪሁንን ግን ማን አስታወሰው? በዚያው ውድድር ከናይጄሪያ ጋር ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ። ቅያሪ አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አጠለቀ። በሦስት ጨዋታ አራት ሰው በር ላይ አቆምን!

ክለቦቻችን መፍትሔውን ከውጭ አመጡት። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ሲያሸንፍ በረኛው ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ነበር። በ2011 መቐለ 70 እንደርታ የኢኳቶሪያል ጊኒውን ፊሊፔ ኦቮኖን ይዞ ዋንጫ አነሳ። የ2012ቱ ሊግ በኮሮና ተሰረዘ። በ2013 ፋሲል ከነማ ከማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ጋር፣ በ2014 ቅዱስ ጊዮርጊስ ከኡጋንዳዊው ቻርልስ ሉክዋጎ ጋር። ክለቦቹን አልወቅስም፣ ዋንጫ ይፈልጋሉ። ግን አጄይም ሳማኬም አንድ ቦታ ልጅ ነበሩ፣ አንድ ሰው አይቷቸው ነው።

የኛ ልጆች ምን ጎደላቸው? ብዙ ሰው «ቁመት» ይላል። እኔ ደግሞ «አግዳሚ» እላለሁ። አትሳቁ። የድንጋይ በር አግዳሚ የለውም። ስለዚህ ከበረኛው እጅ በላይ ያለፈች ኳስ ሁሉ «ከላይ ናት!» ትባላለች። አጭር በረኛ ካለህ በርህም አጭር ነው። ልጁ እጁ ያልደረሰባት ኳስ ሁሉ የሱ ጉዳይ እንዳልሆነች እየተማረ ያድጋል። አንድ ቀን 7 ሜትር ከ32 ስፋት፣ 2 ሜትር ከ44 ከፍታ ያለው በር ሥር ሲቆም ግን ያ ሁሉ ሰማይ የሱ ይሆናል። ተሻጋሪ ኳስ ሲመጣ ቢደናበር ምን ይገርማል? «እግሩ የማይረባ በር ላይ ይቁም» የሚለው ሕጋችንም እ.ኤ.አ. በ1992 ሞቷል። ጓደኛ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛ በእጁ መያዝ ከተከለከለ ወዲህ በረኛ አንድ ተጨማሪ ተከላካይ ነው።

ሌቭ ያሺንን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1963 የባሎን ዶርን ሽልማት ወሰደ፤ እስከ ዛሬ ሌላ በረኛ አልደገመውም። ዝናው በዝላዩ ብቻ አልነበረም። በሩን ለቆ እየወጣ፣ ተከላካዮቹ ላይ እየጮኸ ነበር የሚጫወተው። አፉ የማያርፍ በረኛ ሌላም ቦታ ነበር ለካ!

የኛው በረኛስ የት ደረሰ? ክለብ አልገባም። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ግን ሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክሎ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር 2 ሜትር ከ44 ለክቶ፣ ከላይ ገመድ ወጥሮ ትንንሾቹን በረኞች ያሠለጥናል። ልጆቹ እንዲዘሉ አይደለም መጀመሪያ የሚያስተምራቸው። «ገመዷን ሳታይ የት እንዳለች ንገረኝ» ይላቸዋል። የዘለለውን አያጨበጭብለትም። «ለምን ዘለልክ? የት ቆመህ ነበር?» ብሎ ይጠይቀዋል።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ዲኤስቲቪ ቤት ስትገቡ ወይ ስታዲየም ስትሄዱ ለአሥር ደቂቃ ኳሱን ተዉትና በረኛውን እዩ። በተለይ ኳሱ ወዲያ ማዶ ሲሆን። ወዴት ይራመዳል? ማንን ይጣራል? ከገባበት በኋላስ የሚቀጥለውን ኳስ እንዴት ይቀበላል? ያኔ ስለ በረኛ እንከራከራለን።

ቸር እንሰንብት!