የቡሄ ጅራፍ በስሜን ግርጌ

ለልጅ ምን መጫወቻ ልስጥ ብሎ ለሚያማክረኝ መልሴ አንድ ነው፤ ጅራፍ! ነሐሴ ሲገባ፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው ጉም የለበሰ አገር እረኞች ልጥ ወይም ቃጫ ይገምዳሉ። ጅራፉ ከመያዣው ወፈር ብሎ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የክንድ ጉልበት ወደ ቀጭኑ ሲደርስ ፍጥነት ይጨምራል፤ ጫፉ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ የሚጓዘውን ድምፅ ይቀድማል። ያ «ጧ!» የሚለው ጩኸት የሚወለደው ከዚህ ነው። አውሮፕላን ሳይፈጠር የእረኛ ጅራፍ ድምፅን ቀድሟል፤ ይህ ሁሌም ይደንቀኛል። ነሐሴ 13፣ በቡሄ፣ ጩኸቱ በደብረ ታቦር ተራራ የተሰማው የነጎድጓድ ድምፅ ምሳሌ ነው ይባላል። ጅራፍ ዕድሜም አይመርጥም፤ ጋቢ የደረቡ አባት ሳይቀሩ «እስቲ ወዲህ በል፣ ልጄ» ብለው ይቀበሉና፣ «ዘወር በሉ!» ይላሉ።