ከበቅሎው እንውረድ

ባለፈው ወር ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ፣ ዓለም በርን አልፌ ዳገቱ ላይ፣ የቀኝ ስፖኪዮዬ ተሰበረ። የሰበረው አንዲት አህያ የጫነችው የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ጥፋተኛው ግን እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

አጣና አጫጫኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ። በግራና በቀኝ ጎኗ ይታሰርና ጫፉ ከኋላ መሬት እየጫረ ይጎተታል። አህያዋ ፊቷን ትንሽ ወደ ቀኝ ስትመልስ የአጣናው ጭራ ወደ ግራ፣ ወደ አስፋልቱ ይጠርጋል። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝና ይህን አውቃለሁ፤ በልጅነቴ ስንቴ አህያ ነድቻለሁ። ግን ከፊቴ ሲኖ ትራክ እየወረደ ነበር፤ ከኋላዬ አንድ ዶልፊን ጥሩንባውን ይነፋብኛል። «ታሳልፈኛለች» ብዬ በጠባቡ ገባሁ። ቋ አለ።

ዳር ይዤ ወረድኩ። ባለ አህያው ጋቢያቸውን ያደገደጉ ሽማግሌ ናቸው። ያሳፍራል፣ ግን የመጀመሪያው ቃሌ ወቀሳ ነበር፦ «አባባ፣ ትንሽ ዳር ቢያስይዟት ምን ነበረበት?»

አልተቆጡም። «ልጄ፣ እሷ መስታወት የላትም። መስታወቱ ያለው አንተ ጋ ነው» አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን ከአስፋልቱ ላይ አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር። በኋላ በባዶ እግሩ የሚያልፍ ልጅ እንዳይወጋው ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ አፈሰስኩ፤ የለቀሙት እሳቸው ናቸው። የተለቀመውም ያፈሰስኩት መስታወት ስለሆነ ነው። የሰው ደም ቢሆን ኖሮ ማን ይለቅመዋል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። በአባቶቻችን ወግ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ይወርዳል። ቀብር ሲያገኝ ይወርዳል። የሚያከብረው ታላቅ ሰው በእግሩ ሲመጣ ካየ ይወርዳል። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ከታች ላለው ዝቅ ማለቱ ክብሩ ነበር እንጂ ውርደቱ አልነበረም። ዛሬ በቅሎው መኪና ሆነ። ከፍታው ደግሞ ፍጥነት ሆነ። መውረድ ማለት እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ ማንሳት ነው። ወጉን ግን የት ጣልነው?

የእኛ አገር መንገድ እኮ የተወለደው በሰው ጉልበት ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቀልጦ የተሠራውን የሴባስቶፖልን መድፍ አስቡት። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ከደብረ ታቦር ሲነሱ ለዚያ መድፍ የሚሆን መንገድ አልነበረም። ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ ገደሉን እየቆረጡ፣ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው እየሠሩ መንገድ አወጡ። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ዳገቱን ሰው በገመድ እየጎተተ አወጣው፤ ቁልቁለቱን ደግሞ ሰው በገመድ ወደ ኋላ እየያዘ አወረደው። በዚያ ጉዞ ፍሬኑ ሰው ነበር። አባቶቻችን ከባድ ነገር ቁልቁል ሲለቀቅ ምን እንደሚያደርግ በክንዳቸው ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ዛሬ እኛ «የቻይና መንገድ» የምንለው አስፋልት ከወረታ ተነሥቶ፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት አልፎ፣ ወልድያ ይወጣል። ከወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ እንወጣለን። ከዚያ ወዲያ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉና ራስጌያችን ላይ ቆሞ ጉም ይልክብናል። ነፋስ መውጫ ደግሞ ጠባዩን በስሙ ነግሮናል። በዚህ አንድ መንገድ ላይ ሲኖ ትራክ፣ አይሱዙ፣ ቅጥቅጥ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል፣ ብስክሌት፣ ጋሪ፣ በቅሎ፣ የበግ መንጋ፣ ለቅሶ የሚሄድ ሰው፣ ደብተሩን የያዘ ተማሪ፣ እንስራ ያዘለች ልጅ አብረው ይሄዳሉ። ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው። መንገድ መጋራት ማለት ያንን ጠባይ ማወቅ ነው።

በግን እንውሰድ። አንዷ ከተሻገረች የቀሩት ይከተሏታል። «ይቺ አለፈች፣ ልለፍ» ያለ ሹፌር የሚገባው መንጋው መሐል ነው። ጥሩንባ ሲሰሙም አይጠረጉም፤ ይበተናሉ። እረኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ዓይኑ መኪናው ላይ ሳይሆን በጉ ላይ ነው። በጉ ከጠፋ ማታ የሚጠይቀው አለና፣ ከመኪናው ይልቅ አባቱን ይፈራል። በጉን ተከትሎ ይገባል። ስለዚህ በግ ያየ ሹፌር ልጅ እንዳየ ይቁጠር።

አህያ መኪና አትፈራም፤ ግን ውርንጭላዋ በወዲያኛው ዳር ከቀረ ሳይታሰብ ትዞራለች። ፈረስና በቅሎ በተቃራኒው ይደነብራሉ። የከባድ መኪና የአየር ፍሬን አጠገባቸው ሲተነፍስ ጋሪውን ከነሰዉ ገደል ሊከቱት ይችላሉ። በወረታና በፎገራ ሜዳ የጋሪ ፈረስ አጠገብ ሲደርሱ ጥሩንባ መንፋት እንደ ጅራፍ ነው። ዝም ብሎ፣ ራቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ባጃጅ ፊቱ ላይ ያለው አንድ ጎማ ነው። በፍጥነት ከታጠፈ ይገለበጣል፤ ትልቅ መኪና በጥድፊያ ሲያልፈው ነፋሱ ብቻ ያናውጠዋል። ማታ መብራቱ ደካማ ነው። የሚነዳው ብዙ ጊዜ የቀን ገቢ ለባለቤቱ የሚያስገባ ወጣት ነው፤ አንድ ምልልስ በቀረበት ቁጥር ከራቱ ላይ ይቀነሳል። የቀን ገቢውን ለምትቀበሉት ወንድሞቼ ይህን በግልጽ ልንገራችሁ፦ ልጁን የሚያስቸኩለው እግሩ ሳይሆን የእናንተ ሒሳብ ሊሆን ይችላል።

ወደ ከባዶቹ ልምጣ። ሕዝቡ ሲኖ ትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን የከባድ መኪና ሹፌሩንም እንረዳው። ከጉና ትከሻ እስከ ታች ድረስ ፍሬን እየረገጠ የወረደ ሰው ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን አይዝም። የድሮ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁል የሚለቅ ሰው ግን ሴባስቶፖልን ገመዱን በጥሶ ለቀቀው ማለት ነው። እኛም ትንንሾቹ ቁልቁል በሚወርድ ከባድ መኪና ፊት ዘው ብለን አንግባ። ከፊቱ ክፍት ቦታ ያየነው ለእኛ የተተወ አይደለም፤ ለመቆሚያው የያዘው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር ተኩል በላይ ያልፋል። በ80 ደግሞ 22 ሜትር። «አየሁት» ብሎ እግር ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ሄደ፤ ፍሬኑ ገና አልያዘም። ጉናን በጉም ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ አንዳንድ ጠዋት ከፊት 20 ሜትር አይታይም። አስፋልቱ ግራጫ፣ ጉሙ ግራጫ፣ እረኛው የለበሰው ግራጫ ነው። በዚያ ጠዋት 80 መንዳት ዓይን ጨፍኖ መንዳት ነው። ረጅም መብራትም ጉሙን መልሶ ያንጸባርቃልና አይረዳም፤ አጭሩን አብርቶ ማዝገም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በዓለም 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ባለ ብስክሌቶችና ባለ ሞተሮች ናቸው። ብረት ያልለበሱት ማለት ነው። ለእኛ ይህ ቁጥር እንግዳ አይደለም። ከመካከላችን የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ «መኪና ነው» የሚለውን ቃል ያልሰማ ማነው?

እግረኞችም የድርሻችን አለን። የትራፊክ ፖሊሶች «ግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ» ሲሉን ሊያስቸግሩን አይደለም። መኪናው በቀኝ ነው የሚሄደው፤ ግራችንን ከያዝን የሚቀርበን መኪና ፊት ለፊት ይመጣል። እናየዋለን፣ ያየናል። ቀኝ ከያዝን ግን ሞት ከጀርባ ነው የሚመጣው። ከለቅሶ ስንመለስ፣ ከማኅበር ስንመለስ፣ ወሬ ይዞን መንገዱን ሞልተን የምንሄደው ነገር ይቅር። በጨለማ የምትሄዱ ነጠላችሁን ግለጡት፤ ነጭ ልብስ ከሩቅ ይታያል። ነሐሴ 12 ማታና 13 ቀን ደግሞ ቡሄ፣ የከተማችን ስም የተጠራበት በዓል ነው። ልጆች ጅራፍና ዱላ ይዘው በየደጃፉ ሲዞሩ አስፋልቱን ሳያዩ ይሻገራሉ። በዚያ ሳምንት እያንዳንዱ ሹፌር የራሱን ልጅ እየፈለገ እንደሆነ አስቦ ይንዳ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። መኪና ሲበላሽ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል እንደረድራለን። መልካም ነው፣ ያስጠነቅቃል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ያ ድንጋይ ማታ ለሚመጣ ባለ ሞተር ወጥመድ ነው። ያጠመደውም ትናንት ራሱ «እንዳይገጩኝ» ብሎ የተጨነቀው ሰው ነው። ድንጋዩን ማንሳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ረዳቶች፣ ይህን አደራ ለእናንተ እሰጣለሁ።

«የለመድነውን መቼም አንተውም» የሚለኝ አለ። አልስማማም። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና በግራ ይነዳ ነበር። በ1956 ዓ.ም አገሩ በሙሉ በአንድ ቀን ወደ ቀኝ ተሻገረ። የለመደ እጅ፣ የለመደ ዓይን፣ ሁሉም ተለወጠ። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው፤ አሥር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ፣ አንድ ደቂቃ። በእነዚህ ዓመታት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ሁላችንም ችኩሎች ሆነናል። የተከፈተ ቀን ሳይዘጋ ልድረስ ብለን እንበራለን። ይገባኛል፤ እኔም እንዲያ ሆኛለሁ። ግን ስንት ነገር አልፎን እዚህ የደረስን ሰዎች፣ እርስ በርሳችን በገዛ መንገዳችን ላይ አንጨራረስ።

ስፖኪዮውን አስቀይሬዋለሁ። ባለፈው እሑድ በዚያው ዳገት ላይ ሌላ አህያ አገኘሁ፤ እሷም አጣና ጭናለች። የምትነዳት እናት ናቸው፣ ከሴት ልጃቸው ጋር። ፍጥነቴን ቀነስኩና ከኋላቸው ቀረሁ። የኋላዬ መኪና ጥሩንባ ነፋ፤ ፍሬቻ አሳየሁትና ዝም አልኩ። መታጠፊያው አልፎ መንገዱ ሲገለጥ፣ ከፊት የሚመጣ አለመኖሩን አይቼ፣ ራቅ ብዬ አለፍኳቸው። ሰዓቴን አይቼ ነበር፤ የጠበቅኩት 40 ሰከንድ ነው። በመስኮቱ «እንደምን ዋላችሁ» አልኩ። እናትየው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ።

ስፖኪዮው ላይ እስኪጠፉ ድረስ አየኋቸው። አጣናው ሲወዛወዝ ይታያል፤ ልጅቱም ከኋላው እየዘለለች ትከተላለች።